እጅ የሚሰጠው ግንብ

ከሰኞ እስከ ዓርብ አርሴማ ልብስ ሰፊ ናት። ድሬዳዋ፣ ከፊራ ገበያ ጥግ ባለችው ጠባብ ሱቋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ያጠረ ሱሪ ታስረዝማለች። ቅዳሜ ግን መሐንዲስ ናት። ጠዋት ተነሥታ ብርቱካናማ ሰደርያዋን ትለብሳለች፣ ሄልሜቷን በብብቷ ትይዝና ወደ መሐንዲሶች ማኅበር አዳራሽ ታዘግማለች። ጎረቤቶቿ ወዴት እንደምትሄድ ያውቃሉ። አንዳንዱ ለመዘምራን ልምምድ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ለእግር ኳስ፤ እሷ ለምሕንድስና።

ድሬዳዋ ውስጥ መሐንዲስ ሆኖ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኗል። መንገዱን፣ ድልድዩን፣ ፎቁን የሚነድፈው ሚዛን የተባለው ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው፤ ማሽኖቹን አዝዞ የሚያሠራውም እሱው። አርሴማ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሚዛን የመሐንዲሶች ረዳት ይባል ነበር። ስትመረቅ መሐንዲሶቹ የሚዛን ረዳቶች ሆነው ጠበቋት። ሥራ ፍለጋ ዞራ ዞራ ስትደክም ደግሞ ረዳትም የማያስፈልገው ሆነ። ያን ጊዜ የእናቷን የስፌት መኪና ወረሰች።

የቀረው ማኅበሩ ነው። አባላቱ አርባ ቢሆኑ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪ አለ፣ የሕፃናት ሞግዚት አለች፣ ሊቀመንበሩ ያፌት ፀጉር አስተካካይ ነው። በወር አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሄደው ድሮ ሰው በወረቀትና በእርሳስ እንዴት ያሰላ እንደነበር ያሳያሉ። ልጆች ከፓስታ ድልድይ ይሠራሉ፤ ክብደት የተሸከመው ይሸለማል። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ስሌቱን ብትሳሳቱስ ምን ታደርጉ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ደግመን እንሠራለን» አለቻት አርሴማ።

«እስከዚያ ድልድዩ ላይ ያሉት ሰዎችስ?»

መምህሩ ሳቀና ለማኅበሩ እንዲጨበጨብ አደረገ።

ሌላው የማኅበሩ በጎ ፈቃድ ምስክርነት ነው። አርሴማ ልጅ ሳለች የወጣ ሕግ አለ፤ የሰው ዓይን ያላየው ግንባታ ሥራ አይጀምርም ይላል። ማየት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሕጉ አልተናገረም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የማኅበሩ አባላት ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ አዲሱ ግንብ ወይም ድልድይ ዘንድ ቆመው ያያሉ፤ አንደኛው እጁን ያሳርፍበትና «አይቻለሁ» ይላል። ሚዛን በጆሯቸው ባደረጉት ማዳመጫ ያመሰግናቸዋል። ከዚያ ሻይ ይጠጣሉ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አርሴማ የደቻቱን ወንዝ የጎርፍ ግንብ እንድታይ ደረሳት። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ግመልና ሰው ይሻገሩበታል። ደንገጎ ተራራ ላይ ዝናብ በጣለ ቀን ግን ድሬ ላይ ፀሐይ እያቃጠለ ጎርፍ ይደርሳል። ግንቡ የታደሰው ለዚህ ነበር። አብሯት የተመደበው ጋሽ ኢዮስያስ ነው፤ ሰማንያ ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ በወጣትነቱ የባቡር ድልድይ የነደፈ፣ በማኅበሩ ውስጥ በሙያው ደመወዝ የበላ የመጨረሻው ሰው። የሚኖረውም እዚያው ከግንቡ ሥር፣ ገንደ ኦዳ በሚባለው ሰፈር ነው።

ሁለቱ በአሸዋው ላይ እየተጓዙ ግንቡን ያዩ ጀመር። ገንደ ኦዳ ፊት ለፊት ሲደርሱ አርሴማ ቆመች። ግንቡ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን መሥመር አለ። አርባ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ሌላ መሥመር አለ። ጎንበስ ብላ አሸዋውን በእጇ ጫረች። የሌላው ክፍል መሠረት ወደ ታች ይዘልቃል፤ የዚህ ግን ቶሎ አለቀ። መዶሻዋን አውጥታ መታ መታ አደረገች። ድምፁ የሳሳ ነበር።

«ይህ ክፍል ከግራና ከቀኙ ጋር አልተያያዘም» አለች። «ስህተት አለ።»

«ስህተት የለም» አላት ሚዛን በጆሮዋ፤ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ትሑት ነው። «ይህ ክፍል የተነደፈው ከሌላው ቀድሞ እንዲወድቅ ነው። ጎርፉ ግንቡ ከሚችለው በላይ ከሆነ ውኃው በገንደ ኦዳ በኩል ይወጣል። ገበያው፣ ሆስፒታሉና ከታች ያለው ከተማ ይተርፋል። አይተዋል?»

«ገንደ ኦዳ ውስጥኮ ሰው ይኖራል!»

«ሦስት መቶ ያህል ቤተሰብ ይኖራል። ተነግሯቸው ተስማምተዋል። አይተዋል?»

አርሴማ እጇን ከግንቡ ላይ አነሣች። «አላየሁም» አለች።

«እናመሰግናለን። ሌላ በጎ ፈቃደኛ እንጠይቃለን።»

ጋሽ ኢዮስያስ ሁሉንም ሰምቷል። ባርኔጣውን አውልቆ ግንቡን ከላይ እስከ ታች ሲያይ ቆየ፤ ዞር ብሎ ከኋላው ያሉትን ጣሪያዎች አየ፤ ቀጥሎ ወደ ታች፣ ወደ ገበያው አቅጣጫ አየ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«እኔም ብሆን እዚሁ ነበር የማደርገው» አለ።

«ጋሼ! ምን ማለትህ ነው?»

«ፊውዝ ነው፣ አርሴማዬ። ቤቱ እንዳይቃጠል ፊውዙ ይቃጠላል። ለፊውዝ ቦታ ምረጥ ብትይኝ ከዚህ የተሻለ አላገኝም። መሬቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ውኃው ተዘርግቶ ጉልበቱ ይበርዳል።»

«ያንተ ቤትኮ ነው!»

«የኔ ቤት መሆኑ ስሌቱን አይቀይረውም» አለና ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አርሴማ ነገሩን ለማኅበሩ ስታወራ ያፌት አንገቱን አቀረቀረ። ለካ ማክሰኞ ዕለት ተጠይቆ፣ ከደንበኛ ደንበኛ መሐል ብቅ ብሎ፣ እጁን አሳርፎ «አይቻለሁ» ብሏል።

«እኔ እምቢ ብል የሐረር ቅርንጫፍ ይመጣል» አለ። «እነሱ እምቢ ቢሉ የጅግጅጋው። ምን ላድርግ? ደግሞስ ዋሸሁ እንዴ? አይቻለሁኮ።»

ማንም አልወቀሰውም። አርሴማ ግን፣ «እንግዲያው ራሳችን እናስላው» አለች። «የተሻለ መላ ካገኘን ሚዛን አልሰማም አይልም። እንዲሰማ ሕጉ ያስገድደዋል።»

ያ ሰኔ ለማኅበሩ የማይረሳ ሆነ። አዳራሹ በወረቀት ተሞላ። የተራራውን ዝናብ፣ የአሸዋውን ቁልቁለት፣ የውኃውን ፍጥነት ተከፋፍለው ያዙ። ሞግዚቷ ሕፃናቱን ይዛ እየመጣች ታሰላለች። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት በነካው እጁ ሰንጠረዥ ይሠራል። ተጨቃጨቁ፣ ተሳሳቁ፣ አንዱ የሌላውን ስህተት ሲያገኝ ጨበጨቡ። ያፌት ሱቁን ዘግቶ መምጣት ጀመረ። አርሴማ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም፤ ደስታዋን ባሰበች ቁጥር ደግሞ ታፍራለች።

በመጨረሻው ቅዳሜ ሁሉም ያገኘውን ይዞ መጣ። ጋሽ ኢዮስያስ አንድ በአንድ አገናኛቸው።

«ግንቡን በሙሉ ብናጠነክረው» አለ ጋሽ ኢዮስያስ፣ «ውኃው ከታች ድልድዩ ጋ ተጠራቅሞ ሆስፒታሉን ይወስዳል። የሚወድቀውን ክፍል ወደ ላይ ብናርቀው ውኃው የላይኛው ሰፈር ትምህርት ቤቶች ላይ ይወርዳል። ብቸኛው መፍትሔ ከተራራው ሥር ግድብ መሥራት ነው። እሱን ሚዛን ከኛ በፊት አስቦታል፤ ተራው የሚደርሰው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።» እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ልክ ነው። በሠራነው መንገድ ሁሉ ልክ ነው።»

ወረቀቱን ሰበሰቡ። ሲወጡ ማንም ሻይ እንጠጣ አላለም።

አርሴማ ግን አላረፈችም። ከሥራ በኋላ ገንደ ኦዳ እየሄደች በር ታንኳኳ ጀመር። ሰዎቹ በአክብሮት ተቀበሏት፤ ወንበር አወጡላት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሰጧት። ከዚያ ቤታቸውን ይጠይቃሉ። ቤቱም በሚዛን ድምፅ፣ «ዛሬ የጎርፍ ስጋት የለም» ይላል። ውሸት አልነበረም፤ ዛሬ የለም። አንድ ሽማግሌ ሳቅ ብለው፣ «ልጄ፣ ሚዛን ሲሳሳት አይተን አናውቅም። አንቺን ግን አሁን ማየታችን ነው» አሏት። አንቺን ማን ሾመሽ እንደ ማለት ነበር።

የሰማቻት ፈትያ ብቻ ናት። ፈትያ ከግንቡ ጀርባ ባለው የመጀመሪያ መደዳ ከሰባት ዓመት ልጇ ከኢልሃም ጋር ትኖራለች፤ በሯ ላይ ሳምቡሳ ጠብሳ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እንደ ድሬ ልጅ አንቱ ማለት አታውቅም፤ አርሴማን ገና እንዳየቻት አንቺ አለቻት።

«አቦ፣ ተቀመጪ። ስለ ግንቡ የምታወሪው ሴትዮ አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ተስማምታችኋል ይላል ሚዛን። እውነት ነው?»

ፈትያ ሳምቡሳውን ገለበጠች። «ወላሂ እንጃ። ቤቱን ስንገባበት በሩ የሆነ ነገር አነበበልን። ረዥም ነው። መጨረሻው ላይ እሺ ካላልሽ አይከፈትም። ልጄ ፀሐይ ላይ ቆማለች፣ ዕቃዬ መንገድ ላይ ነው። እሺ አልኩ። አንቺ ብትሆኚ አትዪም?»

«እል ነበር።»

«ታዲያ የት ልሂድ?»

አርሴማ ያላሰበችው ቃል ከአፏ ወጣ። «እኔ ጋ።»

ሐምሌ ሲገባ ፈትያና ኢልሃም ፍራሻቸውን ይዘው አርሴማ ቤት ገቡ። ቤቷ አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ናት። ኢልሃም በጨርቅ ቁርጥራጭ አሻንጉሊት ትሠራለች፤ ፈትያ የአርሴማን ሱቅ ትጠርጋለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። ማታ ማታ ሦስቱም ደጅ ተቀምጠው ወደ ደንገጎ ያያሉ። ሰማዩ ጠራራ ነው። በሚቀጥለውም ቀን ጠራራ ነው። ጎረቤቶች፣ «ጎርፉ ደረሰ ወይ?» እያሉ ይቀልዱ ጀመር።

ሁለተኛው ሳምንት ሲጋመስ ፈትያ ፍራሹን ጠቀለለች።

«ደንበኞቼ ሌላ ሰው ጋ ሄደው አለቁ» አለች። «የኢልሃምም የክረምት ትምህርት እዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ነው፤ በየቀኑ በሙቀት መመላለሱ ገደላት። አትቀየሚኝ። አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ።»

«ክረምቱ እስኪያልፍ ታገሺ፣ ፈትያ።»

«የሚቀጥለውስ ክረምት? ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው ያልሽኝ። ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ይቀመጣል?»

አርሴማ ፍራሹን በአንድ በኩል ይዛ እስከ ባጃጁ ሸኘቻት። ኢልሃም በባጃጁ ጎን በኩል የጨርቅ አሻንጉሊቷን እያወዛወዘች ሄደች።

ጎርፉ የመጣው ገና ሳምንት ሳይሞላ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ድሬ ላይ ጠብታ አልወረደም። አርሴማ የአንድ ልጅ ሱሪ እየሰፋች ሳለ የስፌት መኪናዋን የሚያንቀጠቅጥ ነገር ከሥሯ ተሰማት። ቀና ስትል የገበያው ሰው ሁሉ ቆሞ ወደ ደቻቱ ያያል። ደንገጎ ጠቁሯል። የገንደ ኦዳ ማስጠንቀቂያ ሲጮህ በሩቁ ይሰማል። ሰው በከንቱ እንዳይደነግጥ ተብሎ፣ ማስጠንቀቂያው የሚጮኸው ጎርፉ መምጣቱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ሮጠች። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ውኃው እስከ ግንቡ ጫፍ ሞልቶ፣ ጭቃ ለብሶ፣ ዛፍ ተሸክሞ ይወርዳል። የምትጮኽለት ሰው አልነበረም። እንደ ማንኛውም መንገደኛ የድልድዩን ብረት ይዛ አየች። ግንቡ አልተንገዳገደም፣ አልተሰነጠቀም። ያ አርባ ሜትር ብቻ፣ በሁለቱ መሥመሮች መሐል ያለው፣ እንደ በር ወደ ገንደ ኦዳ ተኛ። ደቻቱ ወዲያው ዝቅ አለ። ድልድዩ ላይ የነበሩት ሰዎች፣ «ጎደለ! ጎደለ! ተመስገን!» እያሉ ተቃቀፉ። አንዲት የማታውቃት ሴት አርሴማን አቅፋ ሳመቻት።

ወደ ገንደ ኦዳ መግባት የተቻለው ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መደዳ ቤቶች የሉም። ትምህርት ቤቱ ግን ባለ አንድ ፎቅ ነበርና ቆሟል፤ ጣሪያው ላይ ልጆች ተኮልኩለዋል። መሐላቸው ጋሽ ኢዮስያስ ተቀምጧል። ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ከቤቱ ወጥቶ በቀጥታ ትምህርት ቤቱ ገብቶ፣ ከመምህራኑ ጋር ልጆቹን እየገፋ ወደ ላይ አውጥቷል። ኢልሃም በእግሮቹ መሐል ተሸጉጣ ነበር።

አርሴማ በመሰላል ወጣች። ጋሽ ኢዮስያስ ቀና ብሎ ያላት የመጀመሪያ ነገር፣ «ታችኛው ከተማስ?» ነው።

«ደህና ነው። ገበያው ውኃ አልነካውም። ሆስፒታሉም።»

«እንግዲያው ሠርቷል» አለ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት አለቀሰ።

ኢልሃም፣ «እማዬስ የት አለች?» ብላ ጠየቀች። አርሴማ ሽማግሌውን አየችው። እሱ ራሱን ነቀነቀና በጆሮዋ፣ «ወደዚህ ስትሮጥ አይቻታለሁ» አላት። «ልጇን ልታወጣ። ከመስጊዱ ቅያስ ልትወጣ ስትል ጎርፉ ደረሰባት።»

ማሽኖቹ በአሸዋው ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ አይንቀሳቀሱም። ሚዛን በአርሴማ ጆሮ መጣ።

«ደንገጎ ላይ ሁለተኛ ደመና አለ። ግንቡን ለመዝጋት ዝግጁ ነን። የወደቀው ክፍል እንደታቀደው መሥራቱን የሰው ዓይን ማረጋገጥ አለበት። አይተዋል?»

«መጀመሪያ ሰዎቹን ፈልጉ» አለች። «ጭቃው ውስጥ ሰው አለ።»

«ፍለጋ የበጎ ፈቃደኞች ድርሻ ነው። ለማኅበርዎ ጥሪ ተላልፏል። አይተዋል?»

ጣሪያው ላይ ያሉትን ልጆች አየች፤ ደመናውን አየች። ብትከለክል ማንን እንደምትቀጣ ታውቃለች።

«አይቻለሁ» አለች።

ማሽኖቹ ተነሡ።

የማኅበሩ አባላት ከየሱቃቸው እየሮጡ ደረሱ፤ ያፌት የፀጉር ቤት ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ዳቦ ጋጋሪው የምድጃ አካፋውን ይዞ። ሠላሳ ያህል ናቸው፤ ጭቃው ግን ሰፈር ሙሉ ነው። ያፌት ከጭቃው አንድ አካፋ አንሥቶ ቆመ። «ከየት እንጀምር?» አለ። «ሳይመሽ የቱን ቆፍረን የቱን እንተዋለን?»

ጋሽ ኢዮስያስ ከጣሪያው ወርዶ መጣ። አንድ የተሰበረ ዘንግ አንሥቶ ጭቃው ላይ መሥመር አሰመረ፤ ግንቡ የተከፈተበትን፣ ቅያሱን፣ የመሬቱን ዝቅታ። አርሴማ አጠገቡ ተንበረከከች። የሰኔው ስሌት ሁሉ በራሷ ውስጥ ነበር፤ የውኃውን ፍጥነት ታውቀዋለች፣ የት ላይ እንደሚዳከም ታውቀዋለች።

«ከቅያሱ አፍ ጀምሮ ውኃው በዚህ ይወስዳታል» አለች በጣቷ እያሳየች። «እዚያ ያለው የመጋዘን ግድግዳ ያጥፈዋል። ከግድግዳው ኋላ ጉልበት ያጣል።»

«የተሸከመውን እዚያ ይጥላል» አለ ጋሽ ኢዮስያስ። አሰበ፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አሰላ። «ከማዕዘኑ ስድስት ሜትር። ቢበዛ ሰባት።»

አርሴማ ራሷ ለካችው። ሄልሜቷን ለቦታው ምልክት አድርጋ አስቀመጠችና ቆፍሩ አለች። ያፌትና ዳቦ ጋጋሪው ቆፈሩ፤ ሌሎቹ ጭቃውን በእጃቸው ይዝቁ ጀመር። ከበስተጀርባቸው ማሽኖቹ ግንቡን ይገጥማሉ፤ አዲሱ ክፍል በሁለቱ መሥመሮች መሐል ገብቷል።

ብዙ አልቆፈሩም። ያፌት አካፋውን ጥሎ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ካፖርቱን አውልቆ ጎንበስ አለ። የፈትያ አንድ እጅ የኢልሃምን የጨርቅ አሻንጉሊት እንደጨበጠ ነበር።

ጋሽ ኢዮስያስ በዘንጉ ተደግፎ ከመጋዘኑ ማዕዘን እስከ ጉድጓዱ ያለውን ርቀት በዓይኑ ለካ። ሊለካ ፈልጎ አልነበረም፤ ዓይኑ የለመደውን ሠራ። ስሌታቸው በአንድ ክንድ እንኳ አልተሳሳተም።